ለሬይፎርድ የሰፋሁት ታርታን

ሬይፎርድን ያወቅሁት ወገቡን ስለካ ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የቬትናም ጦርነት ገና አላበቃም። በሰሜን ካሮላይና፣ ከሟች እናቴ በወረስኩት የስፌት ቤት ኪልት እሰፋ ነበር፤ ወንዶቻችን በበዓል ቀን የሚታጠቁትን፣ ከኋላው እጥፋት የበዛበትን የሱፍ ጉርድ። የቀድሞ ሰዎቻችን ከስኮትላንድ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ያልጣሉት ነገር ቢኖር ስማቸውን ነው። እያንዳንዱም ስም የራሱ ታርታን፣ የራሱ ቀለምና መስመር ያለው ጨርቅ አለው። የኛ የማክኮርቪዎች ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ እያቋረጠው፣ መሐል ላይ ቀጭን ቢጫ ክር ያልፍበታል። አባቴ አርኪባልድ የቤተ ዘመዱ ማኅበር ሰብሳቢ ስለነበር ያንን ጨርቅ ከኔ በላይ ይሳሳለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረጅም ጥቁር ወጣት ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ኪልት ላሰፋ ነበር።»

«በየትኛው ስም?»

«በማክኮርቪ።»

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። «እሱ እኮ የኛ ስም ነው።»

«የኔም ነው። ሬይፎርድ ማክኮርቪ እባላለሁ። እንዴት የኔ እንደሆነ ደግሞ እኔም እርስዎም እናውቃለን።»

አውቃለሁ። የአያቶቼ አያቶች ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ ባሮቻቸውም በጌቶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ በቤታችን ግን ይህ ነገር ተነስቶ አያውቅም። ፊቴ ጋለ። እሱ ሳይከፋው እጆቹን ዘረጋና «ይለኩኝ እንግዲህ» አለኝ።

የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ያሳደጉት አያቱ፣ ወይዘሮ አይዴላ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በአሮጌው የስኮትላንድ ቋንቋ፣ በጌሊክ፣ ከእናት ለልጅ ሲወርድ የመጣ አንድ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይዘዋል። አባቴ በዚያ ቋንቋ «ውሃ» ማለት እንኳ አይችልም። ሴትዮዋ ሳይሞቱ አንድ ነገር ለማየት ተመኝተዋል፤ የስኮትላንድ ዘሮች በየዓመቱ ሐምሌ ተራራ ላይ በሚያከብሩት በዓል፣ ስሞቹ ሁሉ በየሰንደቃቸው ሥር ሲሰለፉ፣ የልጅ ልጃቸው በስሙ ሥር ሲሄድ።

ኪልት በእጅ ሲሰፋ ሳምንታት ይፈጃል። ሬይፎርድ በየቅዳሜው «የት ደረሰ?» እያለ ይመጣ ጀመር። ሰባት ሜትሩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው? አያቴ ብታገኘው ለመስኮቶቻችን በሙሉ መጋረጃ ታወጣለት ነበር።» እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «እርስዎ»ው ቀረና «አንቺ» ሆንኩ። እጥፋቶቹን ስደረድር ከጎኔ ተቀምጦ፣ ቢጫው ክር እያንዳንዱ እጥፋት ላይ በትክክል መውደቁን አብሮኝ ይቆጥራል። አንዳንዴ ቁጥሩ ይጠፋብናል። የሚጠፋብን ዝም ብለን ስለምንተያይ ነው።

ነጭና ጥቁር ሆነን ምግብ ቤት አብረን ብንገባ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ያፈጥብን ነበር። ስለዚህ ወንዙ ዳር መኪናው ውስጥ ኮክ እየበላን እናወራለን። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከንፈሬ ላይ የቀረውን የኮክ ጭማቂ በአውራ ጣቱ ጠረገልኝና እጁን ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«በሰልፉ ቀን ከጎኔ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

አባቴ የትእዛዙን መዝገብ አይቶ ስሙን አነበበ። አልተቆጣም። ጨርቅ ለፈለገው ሰው ይሸጣል፣ ሰልፍ ግን አይሸጥም አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ስለ ወንዙ፣ ስለ ኮኩ፣ ስለ ገባሁት ቃል አንድም ነገር አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሐምሌ ደረሰ።

የበዓሉ ጠዋት ሜዳው ጭጋግ ለብሶ ነበር። የሰንደቃችንን አንዱን ቋሚ እኔ ይዣለሁ። ሬይፎርድ አያቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። ኪልቱ እንዴት እንዳማረበት! ከትራፊው የሰፋሁላቸው ነጠላ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ ነበር። አባቴ መንገዱን ዘጋ።

«የኔ ወንድም፣ መልበሱን ልበስ። ይሄ ሰልፍ ግን የደም ነው።»

«በደም ከሆነማ፣ አቶ ማክኮርቪ፣» አለ ሬይፎርድ ረጋ ብሎ፣ «ማን ከማን እንደተወለደ እኛ ቤት አልተረሳም። እርስዎ ቤት ነው የተረሳው።»

ከዚያ ሬይፎርድ አባቴን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሎርና» አለ።

ሰንደቁን ለሌላ ሰው አቀብዬ ሦስት እርምጃ መሄድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የአጎቶቼ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። የስኮትላንድ የከረጢት ዋሽንቶች ተነፉ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም አብሬ ተንቀሳቀስኩ። ሜዳውን ዞረን ስንመለስ ሣሩ ላይ የወንበሩ ጎማ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንድ ጊዜ መለሰልኝ፦ «አባትሽ ያሉትን እንደሚሉ አውቅ ነበር። እኔ የጠበቅሁት አንቺን ነው። አያቴ ግን ሰላም ብላሻለች።» በጥር ወይዘሮ አይዴላ አረፉ። በሚያዝያ ሬይፎርድ ዱራም ከተማ ሥራ ይዞ አንዲት አስተማሪ እንዳገባ ሰማሁ።

በቀጣዩ ሐምሌ አባቴ ለበዓሉ ለብሶ መጣና ለምን እንዳልተዘጋጀሁ ጠየቀኝ። አልሄድም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሬይፎርድን እወደው እንደነበር፣ ከጎኑ ልሄድ ቃል ገብቼ እንደነበር።

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኪልቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታሳልፈው ነበር?»

ቢቆጣ፣ «በፍጹም» ቢለኝ፣ እፎይ ባልኩ ነበር። እሱ ግን መስኮቱን እያየ ረጅም ጊዜ አሰበ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለኝ።