የቅቤ ተራው ፍላሽ

ቅቤ ተራው መሃል መነኩሴው ፍላሹን በጋቢያቸው ስር አቀበሏት። ቀና ብለውም አላዩዋት።

«አማረ ልኮኝ ነው። ሚዛን አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ፣ አባ።»

ሚዛን የስለላ ስሟ ነው፤ እናቷ አዛለች ብላታለች። ክረምቱን በሙሉ አርብ ገበያ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ የከረመችው ለዛሬ ነው። ቤቱ «አለሁልሽ» የሚባል የስልክ ፕሮግራም ይሠራል። ከጠለፋ ያመለጠች ሴት ስትነካው ለረጂዎቿ ይደውላል። ጠላፊዎቹ ግን ባለቤቱን ሙሉቀንን ገዝተው ላይብረሪ አስጨመሩበት። ላይብረሪ ሌላ ሰው የሠራው፣ ፕሮግራሙ እንደ ተዋሰው ጓዝ የሚሸከመው ኮድ ነው። ይሄኛው የሴቲቱን መደበቂያ ለእነሱ ያሳብቃል። ዛሬ ተገጣጥሞ በየስልኩ ይገባል፤ ወገዳ በተደበቀችው በሰብለ ስልክም። ሰብለ ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ ናት።

አዛለች የሚያሳብቀውን አውጥታ፣ የሥራ ጓዷ አማረ በሚልከው ንጹህ ላይብረሪ ልትተካው ነው የተላከችው።

መነኩሴው ሊሄዱ ሲሉ ጎንበስ አሉ። ከአንዲት ባልቴት ቅል ቅቤ በጣት ጠንቁለው ላሱ።

አርብ ቀን።

«ምን ዓይነቱ መነኩሴ ነው?» አለች ባልቴቷ። «እኔ ሻጪቱ እንኳ በእጄ ጀርባ ቀብቼ አሽትቼ ነው የማውቀው።»

ሰውየው ሰምቶ እንዳልሰማ ሄደ።

አዛለች ነገሩ ገባት። ቆቡም ውሸት፣ ፍላሹም ውሸት። ሚዛን የሚለውን ስም ከአማረ ሌላ የሚያውቅ አለቃቸው ደሳለኝ ብቻ ነው።

ስልኳ ጠራ።

«ዕቃው ደረሰሽ?» ደሳለኝ ነው።

«ደረሰኝ፣ ጋሼ። አማረስ?»

«አሞት ተኝቷል። አስገቢውና ጸድቷል ብዬ ለረጂዎቹ ልንገር።»

«አስገባዋለሁ፣ ጋሼ።»

አፉ ይድረቅ። አንዱን አሳባቂ በሌላ አሳባቂ አስተክቶ፣ በእሷ ስም ንጹህ ነው ብሎ ለረጂዎቹ ሊምልላቸው ነው።

ኮምፒውተር ቤቱ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ፍላሹን አልሰካችም። ኮዱን አንድ ላይ የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ላይብረሪ የሚፈልገው በተጻፈለት ተራ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያነሳል። ከጉቦው በፊት የነበረውን አሮጌውን ላይብረሪ የያዘውን ፎልደር ፊት አስቀደመች። «ስታቲክ» የሚለውን የትእዛዝ ምልክት ጨመረች፤ ላይብረሪው ፕሮግራሙ ውስጥ ተሰፍቶ ይቅር፣ ኋላ ማንም እንዳይቀይረው።

አስጀመረችው።

ቀይ መስመር ወጣ። እምቢ አለ።

«ምን እየነካካሽ ነው?» ሙሉቀን ከጀርባዋ ቆሟል።

«ያዘዝከኝን። ከብርሃኑ ዞር በልልኝ።»

አሮጌው የሚደገፍበት ሌላ ላይብረሪ አለ፤ እሱ በዝርዝሩ ላይ ከአሮጌው ቀጥሎ አልተጻፈም። ጻፈችው። አለፈ። ወደየስልኩ ላከችው።

ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ይሄ አሮጌው አይደለም እንዴ? ማነው ያዘዘሽ?»

«ሴት የወለደችህ ብትሆን አትጠይቀኝም ነበር።»

ክንዷን ጨመደዳት። የሞቀውን ኮምፒውተር ጉልበቱ ላይ ገፍታበት ወጣች፤ የገበያው ሕዝብ ዋጣት።

ከመናኸሪያው ሆና፣ ወገዳ ላለችው ረጂ ለፈትለወርቅ ደወለች።

«ፕሮግራሙ ንጹህ ነው። ደሳለኝን ግን እንዳታምኑት።»

«ሰብለ አሁን ሞከረችው፤ ለእኔ ብቻ ነው የደወለው። አማረን ገደል ስር አገኙት፣ እህቴ። ነገ ይቀበራል።»

ለቀብሩ መሄድ አትችልም፤ ደሳለኝ እዚያ ይጠብቃታል። የስልኳን ሲም ካርድ ሰብራ ጣለች። ሻሿን ዝቅ አድርጋ አሰረችና መካነ ኢየሱስ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ።

«አያውቁኝም፣ እማማ። የሩቅ ነኝ።»

በመስኮቱ የአባቷ አውድማ አለፈ። ገብስ እያበራዩ ነበር።