ነገስ የሚሉበት ቤት

ተስፈኛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤታችሁ፣ ባልደረባችሁ፣ ምናልባትም የምትወዱት ሰው። ለመሆኑ ያን ተስፋ ከየት እንዳመጣው ጠይቃችሁታል? ወይስ እንደ እኔ ሳትጠይቁ ሳቃችሁበት?

እኔ ስቄበታለሁ። ከዚያም ጽፌበታለሁ።

ሰርካለም ነኝ። ደብረ ብርሃን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ በየሳምንቱ ደግሞ በፌስቡክ ገጼ ላይ ሰው አሳድዳለሁ። ሹም፣ ነጋዴ፣ ሰባኪ፣ ያልነካሁት የለም። ጽሑፌን ሁሉ የምዘጋው «በአደባባይ ይመልስልኝ» ብዬ ነው። አብዛኞቹ አልመለሱልኝም፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ድል ስቆጥር ኖርኩ። የዛሬው ጽሑፍ ዝም ስላለኝ አንድ ሰው ነው።

ሰይፈሥላሴን ያገኘሁት ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ለመምህራን ሥልጠና ተልኬ ነበር። ጊዜው የካቲት፣ ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የጭራሮ እስር ታቅፏል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አንዱ ጭራሮ ጎኔን ይወጋኛል። ሦስት ጊዜ ታገስኩ። ለእኔ ይህ ብዙ ነው።

«ወንድሜ፣ ይህን ማገዶህን ጣራ ላይ ብታስጭነው ምን ይልሃል?»

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ሊስቁ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ማገዶ አይደለም እህቴ፤ አፕል ነው።»

«የታለ አፕሉ?»

«ገና ነው። አራት ዓመት ይፈጃል።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ጆንያውን ወደ ማዶው ጉልበቱ አዛወረና እስከ ጎረቤላ ድረስ ስለ ጭራሮው ነገረኝ። ለአንድ ድርጅት የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። ጭራሮውን በስለት ሰንጥቆ፣ ብርድ ከለመደ ግንድ ጋር አጣብቆ በላስቲክ ያስረዋል። «እንዲህ አድርጌ አጋባቸዋለሁ» አለና ያለው ነገር ወዲያው አሳፈረው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔም ወደ ማዶው መስኮት ዞርኩ። ስንወርድ ግን ስልኬን ጠየቀኝ።

በዚያ ዓመት ክረምት በሠላሳ አንድ ቤቶች ጓሮ አፕል ተተከለ። እኔም በየወሩ ጎረቤላ የሚያስኬድ ሰበብ አላጣሁም።

በሁለተኛው ዓመት ከወላጆቹ ጋር አስተዋወቀኝ። አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ ቤታቸው አፋፍ ላይ ነው፤ ከደጃፉ ቁልቁል ቆላው በጉም መሃል ይታያል። እራት በልተን እጃችንን ከመታጠባችን በፊት ቄሱ እያንዳንዳችንን ጠየቁን።

«ዛሬ ምን ጎደለ?»

እናቱ ጭልፊት አንዲት ዶሮ እንደወሰደባቸው ተናገሩ። ሰይፈሥላሴ ውርጭ ሦስት ችግኝ እንዳቃጠለበት፣ የማንና የማን ጓሮ እንደሆነ ሳይቀር ዘርዝሮ ተናገረ። ይህ ገረመኝ። ተስፈኛ ሰው የሞተውን የሚደብቅ ይመስለኝ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እኔ ስለ አገር ተናገርኩ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሥራ አጥነት፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ ማለት ይቻላል። በጥሞና ሰሙኝ።

ከዚያ ቄሱ እንደገና ዞሩ። «ነገስ?»

እናቱ የዶሮዎቹን ጎጆ በእሾህ እንደሚያጥሩ ተናገሩ። እሱ የሞቱትን ነቅሎ ሥሮቻቸውን እንደሚያይ ተናገረ። እኔ ፈገግ አልኩ።

«አባ፣ በዚህ አገር ነገ ምን አለ ብለው ነው?»

«እሱን አልጠየቅኩሽም ልጄ። አንቺ ነገ ምን ታደርጊያለሽ ነው ያልኩሽ።»

ማንም አልተነሣም። ወጡ እጃችን ላይ ደረቀ። እናቱ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። መጨረሻ ላይ ከማፈሬ የተነሣ «ነገ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ» አልኩ።

«እሷም መልስ ናት» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

በማግስቱ ወደ መኪናው ሲሸኘኝ የልማዱን አመጣጥ ነገረኝ። በአባቱ አያቶች ዘመን፣ በረዶ ገብሱን ጠራርጎ በወሰደበት ዓመት፣ በዚያው ሳምንት ልጅ ሞተባቸው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አፋቸው ተዘጋ። ባልየው ማጽናኛ ቢያጡ «ነገስ?» ብቻ አሏቸው። ሴትዮዋም «ውሃ እቀዳለሁ» አሉ። ቀዱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የጎደለውን ተናግሮ የነገውን ሳይናገር ከማዕድ የሚነሣ የለም።

«ይህ እኮ ተስፋ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው» አልኩት።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ሲጠይቀኝ እየቀለደ አልነበረም። እጄን የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። መዳፉ ላይ የስለት ጠባሳ ነበረው፤ ጣቴን አስኬድኩበት። ሚኒባሱ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተላቀቅንም።

በመሃል ጦርነት መጣ፤ ደብረ ሲና ድረስ ደረሰ፤ ሠርግ የሚያስብ ሰው ጠፋ። እሱ ችግኙን ማሰብ አላቆመም። በአራተኛው ዓመት ከፋሲካ ማግስት ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። እናቴ ለሠርጉ ማንን እንደምትጠራ ከወዲሁ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ስለ ቅጠል የሆነ ነገር ይነግረኛል። አፕል ለወራት በረዶ የሚሸፍነው አገር ዛፍ ነው፤ እኛ አገር ግን ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛበት ወቅት ስለማያገኝ አያብብም፤ ስለዚህ ዘንድሮ በጥር ቅጠሉን በእጃችን እናራግፋለን፣ ዛፉ የበረዶው ወቅት ያለፈ መስሎት ይነቃል፤ እንዲህ ነበር ያለኝ። ይህን ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው ቆይቶ ስለገባኝ ነው። ያን ቀን «እሺ፣ እሺ» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ የአንድ ተማሪ ዓረፍተ ነገር እሰርዝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ጎረቤላ የሚያስተምር ባየው የሚባል ባልደረባዬ አራት ፎቶ ላከልኝ። በፎቶዎቹ ሁሉ ዛፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። አንድ ቅጠል የለም። «የእጮኛሽ አፕል ይኸውልሽ» ብሎ ጽፎበታል። አንባቢዎቼም ቀድመው ይሰድቡኝ ነበር፤ ሁሉን ስትነኪ የአፕሉን ነቢይ ግን አትነኪም፣ ይሉኝ ነበር። ወደ ሰይፈሥላሴ ደወልኩ። አላነሣም። አንድ ጊዜ ነው የደወልኩት። ልድገመው፤ አንድ ጊዜ።

ከዚያ ተቀምጬ ጻፍኩ። ርእሱ «ተስፋ አከፋፋዮች» ነበር። ገበሬውን አራት ዓመት ጭራሮ ሲያስጠብቁት ከርመው ዛሬ ሙት ዛፍ እንዳስረከቡት ጻፍኩ። ስሙን ጠቀስኩ። የራሴንም ሰው እንደማልምር ለማሳየት ስል ከሌላው አብልጬ ጨከንኩበት። በመጨረሻም «በአደባባይ ይመልስልኝ» አልኩ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ተቀባበለው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አልጻፍኩም ነበር፤ ዛሬም ሳነበው ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን መጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጫማው በአቧራ ነጥቷል፤ ከስቷል።

«አነበብኩት» አለኝ።

«ከተሳሳትኩ በአደባባይ መልስልኝ።»

«አንቺን? ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኳትን ልጅ ሰው ፊት ላሳፍራት?»

«ታዲያ እውነቱ ካለህ ምን ያስፈራሃል?»

ተማሪዎች በአጠገባችን እያለፉ ነበር። እስከ የካቲት መጨረሻ ታገሺና መጥተሽ እዪ አለኝ። እኔ ደግሞ አራት ዓመት የታገሠች ሴት ተጨማሪ ቀጠሮ እንደማትሰጥ ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ተማሪዎቼ እንዲሰሙኝ ሳይሆን አይቀርም።

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ያን የአባቱን ጥያቄ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ነገስ፣ ሰርኬ?»

«ነገ የለም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ተከትዬው መሮጥ እችል ነበር። እስከ መናኸሪያው ድረስ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ጀርባው ለረጅም ጊዜ ይታየኝ ነበር።

በየካቲት ማለቂያ ጎረቤላ ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ልክ መሆኔን ላረጋግጥ ነው። መጀመሪያ የገባሁት እትዬ እናናየሁ የሚባሉ ሴት ጓሮ ነበር። አፕሉ በነበረበት ቦታ ጉድጓድ አለ። ዛፎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ከማገዶው ክምር ላይ ተጥለዋል። ክምሩ ላይ የሆነ ነጭ ነገር አየሁ። ጠጋ አልኩ።

አበባ ነው። ከተነቀለ ሳምንታት ያለፉት ግንድ፣ ማገዶ ላይ ተጋድሞ፣ አብቧል።

«አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«ነኝ» አልኳቸው።

«እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ሊያ ናት በስልኳ ያነበበችልን። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሰማ። ሲያምር ስትጽፍ፣ አለች።» አበባውን አዩት። «እሱማ ቆዩ እያለ በየቤቱ ለምኖን ነበር። የተማረች፣ ያውም የራሱ እጮኛ እንዲህ ካለች ምን እንጠብቃለን ብለን ነቀልነው።»

ሃያ ስድስት ቤት ነቅሏል። ድርጅቱም ሥራውን ዘግቶ ሄዷል። ያልነቀሉት አምስት ናቸው፤ አንዱ የቄስ ወልደተንሣኤ ነው። ደጃፋቸው ስደርስ ዛፉ ከሥር እስከ ጫፉ ነጭ ለብሶ ንብ ይርመሰመስበታል። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቄሱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በተሻለኝ። ሰይፈሥላሴ ለሚ በምትባል ከተማ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ሥራ አግኝቶ ከሳምንት በፊት መሄዱን ነገሩኝ። ለምን አልመለሰልኝም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹እሷን ረትቼ እንዴት አገባታለሁ?› አለኝ» አሉ። «ልጄ፣ እሱም ተሳስቷል። ሃያ ስድስት ቤት በዝምታው ተጎድቷል። ግን አስተዳደጉ ነው፤ ሰው ማዋረድ አላስተማርኩትም።»

እራት አቀረቡልኝ። ከእራት በኋላ ዞሩ። ምን ጎደለ ሲሉኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ በዚህ ጊዜ ስለ አገር አልነበረም። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። እናቱ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆሙ። ጠበቁኝ። ነገ ለሚ እሄዳለሁ፣ ነገ ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ለሚ ብሄድ ባያነጋግረኝስ አልኩ። ብጽፍ ጠላቶቼ ምን ይላሉ አልኩ። እጄን ሳልታጠብ፣ ሳልመልስ ተነሣሁ። በዚያ ቤት እንዲህ ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። አምና ሰይፈሥላሴ ማኅደረማርያም የምትባል የጤና ባለሙያ አገባ፤ መልካም ሴት ናት ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባየው ከጎረቤላ አንድ ፌስታል አፕል አመጣልኝ፤ ቄሱ ልከውልኝ ነው። ትንንሽ ናቸው፤ ጎምዛዛ ጣፋጭ። ከአፕሉ ጋር የላኩት መልእክት አንዲት ቃል ናት። የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ተስፋ ከየት ይመጣል እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ በተፈጥሮ የተሰጠ ነገር ይመስላችኋል፤ እኔ ደግሞ የሞኞች በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሁላችንም ተሳስተናል። እኔ ያየሁት ተስፋ የጎደለውን ሳይደብቅ ቆጥሮ ለነገ አንዲት ሥራ ይዞ የሚተኛ ነው። የሚያድገውም እንደዚያ ነው፤ በየማታው፣ በማዕድ ዙሪያ፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር። የሚሞተውም ሳይጠየቅ ሲፈረድበት ነው። እኔ ፈርጄበታለሁ።

ሰይፈሥላሴ በአደባባይ ይመልስልኝ የማለት መብት የለኝም። ሁለት ዓመት ዘግይቼ እነሆ እኔ እላለሁ፤ ዛፎቹ አልሞቱም ነበር፤ ዋሽቶ አያውቅም፤ ተሳስቻለሁ። ይህ ግን የማዕዱ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብቻ ነው። የሁለተኛው መልስ ዕዳ አለብኝ። ስለዚህ ዛሬ ጽሑፌን የምዘጋው እንደ ልማዴ ነው፤ የተጠያቂዋ ስም ብቻ ተለውጧል።

ሰርካለም፣ በመጪው የገበያ ቀን ጎረቤላ ውረጂ። በሃያ ስድስቱ ቤት ሰዎች ፊት ቁሚ። እትዬ እናናየሁ ከፊት ይሁኑ፤ ቄስ ወልደተንሣኤም ይስሙ። ከዚያ በአደባባይ መልሺ፤ ነገስ?