ስማቸው ይጻፍ

ታዘበውና ወይንእሸት የተዋወቁት በጠብ ነው። እሱ ሞጣ ላይ ነርስ፣ እሷ ቢቸና ላይ የታሪክ አስተማሪ። ሁለቱም ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የፈለገ ሁሉ ገብቶ በሚጽፍበት አንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ነበር። እሱ ስለ ቢቸና የጻፈውን እሷ ደመሰሰችው። መልሶ ጻፈው። መልሳ ደመሰሰችው። ንዴቱ ሳይበርድለት አንድ እሑድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቢቸና መናኸሪያ ወረደና ስልኳን አጠያይቆ ደወለላት።

«ስህተቴን በዓይኔ ልየው ብዬ መጥቻለሁ» አላት።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትመጣ ያየ ጊዜ ግን፣ የመጣበት ጉዳይ ከነጭራሹ ጠፋበት።

«እሺ፣ የቱን ላሳይህ?»

«ረሳሁት...»

ሳቀች። አለቀለት በቃ! ከዚያ ወዲህ መንገዱን ከመመላለሱ የተነሳ የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ በስሙ ይጠሩት ጀመር። ባሕር ዳር በግንበኝነት የሚሠራው ወንድሟ ሰማው ገና ሳይጋቡ «አማቼ» እያለ ያሾፍበታል። ጉዳዩ ለቤተሰብ ተነግሮ፣ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ። እናቷ ወይዘሮ ሀብትነሽም ለልጃቸው ትዳር ሊጸልዩ መርጡለ ማርያም ሱባኤ ገቡ።

በዚያው ጾም፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና የሚሄድ አውቶቡስ ደራሽ ውሃ ወሰደው።

አስከሬኖቹ ታዘበው ወደሚሠራበት ሆስፒታል መጡ። እሱ ነው የተቀበላቸው። አንዱን ገለጠ። የወይንእሸት ወንድም ሰማው ነበር። ለሽምግልናው ቀን ገዝቶ ለሁሉም ሲያወራለት የነበረው አዲስ ጫማ ጭቃ ሞልቶት እግሩ ላይ አለ። እህቱን ድንገት ላስደስት ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር ነው የመጣው።

ታዘበው ለወይንእሸት አጎት ለአቶ ታደለ ደወለ። ሽማግሌው ሲደርሱ እንባቸውን ጠረጉና ነገሩን ቆረጡት። ሀብትነሽ ቅዳሜ ጠዋት ከሱባኤዋ ትመጣለች፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ መርዶውን ይነግራታል። እስከዚያ ወይንእሸትም እንዳትሰማ። እናቷ ማታ ማታ ትደውልላታለች፤ በድምፅዋ ታውቅባታለች። በማርያም ስም አስማሉት፤ ማለ።

ዓርብ ጠዋት መዝገበ ዕውቀቱ ላይ ስለ አደጋው ገጽ ተከፍቷል። የከፈተችው ማን ትሁን? ራሷ ወይንእሸት! ጸሐፊዎቹ ከገጹ ጀርባ ባለው የመወያያ ቦታ የሟቾቹ ስም ይውጣ አይውጣ እያሉ ሲከራከሩ፣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ስማቸው ይጻፍ። ሟች ቁጥር አይደለም።» ሁሉም ደገፏት። አንድ ሰው ብቻ «ይቆይ» አለ። ታዘበው ነው።

ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ መርዶ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች እንዳሉ ጻፈ። ከዚያ በላይ ምን ይበል? የአውቶቡሱ ባለቤት ደግሞ፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ የእናቱ ወንድም ነበር። ወይንእሸት ያንን አስታወሰች። ሕዝብ በሚያነበው ቦታ ላይም እንዲህ ብላ አሰፈረችው፦ «ታዘበው ይቆይ የሚለው አጎቱ ለሟች ቤተሰቦች ካሳ እንዳይከፍል ነው።»

ወዲያው ደወለችለት።

«በእውነት መልስልኝ። ዝም በል ያለህ አጎት አይደለም?»

አጎት ነው፤ ግን የእሷ። 

«እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይቆይ፣ ወይንዬ።»

«ነገ ምን አለ?»

«እመኚኝ።»

«ከነዚያ መሀል ወንድሜ ቢኖር ኖሮስ? የሰማውም ስም ይደበቅ ትል ነበር?»

ግድግዳውን ተደገፈ።  የማለውን ሊያፈርስ አፉን ከፍቶ፣ መርጡለ ማርያም ብቻቸውን ያሉትን እናት አሰበና መልሶ ዘጋው።

«መልሱን አታውቅም ማለት ነው» አለች ወይንእሸት። «እንግዲያው እኔም አንተን አላውቅህም።» ስልኩን ዘጋችው።

አመሻሹ ላይ ክርክሩ በእሷ አሸናፊነት ተቋጨ። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ገጽ የመቆለፍ ሥልጣን ያለው አንድ ጸሐፊ ከአንድ ሬዲዮ ያገኘውን ስም ሁሉ አሰፈረ። ታዘበው ደመሰሰው። ሰውየው መለሰው። እንደገና ቢደመስሰው ከነጭራሹ እንዳይጽፍ አገዱት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ታዘበው...» ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ መስሏል። «ስም ይመሳሰላል አይደል? ሰማው ባሕር ዳር ነው ያለው።»

«አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፣ ወይንዬ።»

ከዚያ ወዲያ ጆሮው የገባው ለቅሶዋ ብቻ ነው። በለቅሶዋ መሀል እናቷ ትዝ አሏት። ስልኩን ዘግታ ገጹ ጀርባ ላይ ለመነች፤ ወንድሜ ነው፣ እናቴ አልሰማችም፣ እስከ ነገ ብቻ አንሱልኝ አለች። የአዲስ አበባው ሰውዬ የሟች እህት መሆኗን በምን ይወቅ? ገጹን ማንም እንዳይነካው ቆለፈና አጭር መልስ ሰጣት፦ «ሟች ቁጥር አይደለም። ያንቺው ቃል ነው።»

እዚያ መርጡለ ማርያም አንዲት ተማሪ በሱባኤ ላሉ እናቶች የሟቾቹን ስም ከዚያው ገጽ፣ ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር። ደግ የሠራች መስሏታል። ወይዘሮ ሀብትነሽ ለሰው ልጅ ከንፈር እየመጠጡ ሲያዳምጡ፣ የገዛ ልጃቸው ስም ከነአባቱ ተጠራ። ዘመድ አጠገባቸው የለ፣ የሚይዛቸው የለ፤ ድንጋዩ ላይ በግንባራቸው ወደቁ።

ቅዳሜ ሰማው ተቀበረ። ታዘበው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ሀብትነሽ ግንባራቸው በጨርቅ ታስሮ፣ ወይንእሸት እግራቸው ሥር ተቀምጣ አገኛቸው። ልቅሶው ጋብ ሲል ሴትዮዋ ቀና አሉ።

«ያን ስም ያስጻፈው ማነው? እንደ ሰው እንኳ መርዶ እንዳልረዳ ያደረገኝ ማነው?»

 ወይንእሸት ልትናገር አፏን ከፈተች።  ታዘበው አያት። እኚህ እናት የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። እሷንም በዚህች ደቂቃ ሊያጡ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

አቶ ታደለ ደንግጠው ሊናገሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘው።

ወይዘሮ ሀብትነሽ አልጮሁም። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ልጄ ከአንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከምታድር አፈር ይብላት። ስምህ በቤቴ አይጠራ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አሜን በዪ።»

ወይንእሸት ታዘበውን አየችው። እሱ ራሱን ነቀነቀላት፤ በዪ እንደማለት።

«አሜን» አለች።

ተነስቶ ወጣ። ያን ቀን ሞጣ ድረስ መስኮት ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ረዳቱ ሒሳብ እንኳ አልጠየቀውም።

የሰማው አርባ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ደወለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ የማይበቃው ነገር እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እናቴ እህል አልቀምስ ብላለች፣ የምትበላው እኔ ሳጎርሳት ብቻ ነው አለችው። ጸሎቷን ስትጨርስ አንተን ትረግማለች፣ እኔም አሜን እላለሁ አለችው። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እውነቱን ልንገራት፣ ታዘበው? እኔ ነኝ ልበላት?»

አዎ ቢላት ወይንእሸትን ያገኝ ይሆናል። እናትየው ግን የሚያጎርሳቸውን እጅ ያጣሉ። ሕመምተኞች እየጠበቁት ነበር።

«ይቆይ፣ ወይንዬ» አላት።

ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆየ ነው።