የቀዩ መስመር ጠርዝ

ወጌሻው የተገኘው ወርክሾፑ ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ፣ ማጅራቱ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ባለው ዕቃ መያዣ ብረት፣ በሞርሳው፣ ተመትቶ ነው። ወጌሻ ያሉት የሰው አጥንት ስለሚያሽ አልነበረም። በሬዲዮ የሚታዘዙ ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላኖችን ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። ክንፉ ተሰባብሮ የመጣለትን ሁሉ ገጣጥሞ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀብቶ ወደ ሰማይ ይመልሰው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«መስኮቱ ዝግ ነው፣ ማራገቢያው ጠፍቷል፣ ክፍሉ በቲነር ታፍኗል» አላት። «ሽታው አዙሮት ወደቀ ልንል ነበር። ግን ጎረቤት ሁሉ ጠዋት ጩኸት ሰምቷል። የልጁ እጮኛ፣ አብራሪው፣ ገፍቶት ነው። ከምሳ በፊት እናስረዋለን።»

«ይህን ሁሉ ያወቅኸው ውስጥ ገብተህ ነው?»

«ሽታው አያስገባም እኮ!»

«እንግዲያው አፍንጫህን ይዘህ እዚያው ቁም» ብላው አለፈች። ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ይልቅ የሚያንገበግባት የቸኮለ ፖሊስ ነበር። ሌባ የሚሰርቀው ንብረት ነው። ሰነፍ መርማሪ ግን ከምሳ በፊት የሰው ዕድሜ ይሰርቃል።

አብራሪው የሟቹን ልጅ ለማግባት ሁለት ወር የቀረው ወጣት ነው። ባለፈው ወር በአንድ ትርኢት ላይ የእሱ አውሮፕላን ክንፍ አየር ላይ ተሰብሮ፣ ስብርባሪው የአንድ ተመልካች ዓይን አጠፋ። የሞዴል አብራሪዎች ማኅበሩም «ያለ አቅሙ አክሮባት ሲያሠራው ነው» ብሎ ጥፋቱን በእሱ ላይ ደፈደፈው። ክንፉም ለምርመራና ለጥገና ወደ ወጌሻው መጣ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ተገለባብጧል፤ ያ ክንፍ ግን ማቆሚያው ላይ ተጋድሟል። ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ መስመር ተቀብቶበታል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጠርዙን አየችው። በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ አንድም ቦታ አልፈሰሰም፣ አልተላጠም። መስመሩን ለመከለል የተለጠፈው የወረቀት ፕላስተር ተነስቶ፣ የሚያጣብቀው ጎኑ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጠጠር ያለ ኳስ ሆኖ ቅርጫት ውስጥ ተጥሏል። የቀለም መርጫው ግን እንደ ተሞላ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀለሙ ደርቆበታል። ለረጅም ጊዜ አንዴ መርጫውን፣ አንዴ ኳሱን ስታይ ቆየች።

ከዚያ በክንፉ ግርጌ ባለው ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ባትሪ አበራች። ወጌሻው የሚያገኘውን ጉዳት ሁሉ እንጨቱ ላይ በእርሳስ የመጻፍ ልማድ እንዳለው ልጁ በር ላይ ስትቀበላት ነግራታለች። እውነትም ተጽፏል። አነበበችው፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ልጅቱን ወጥ ቤት አገኘቻት።

«ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ ተጯጯሁ። እጮኛዬ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ለቀለም መርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ይጮህ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ዜና ሲጀምር ቆመ፤ ወዲያው ዱብ የሚል ሰማሁ። ጣሳ የወደቀ መሰለኝ።»

«ለምን ገብተሽ አላየሽም?»

«አስም አለብኝ። አባዬ ቀለም ሲረጭ ከገባሽ ልጄ አይደለሽም ይለኛል። አምስት ሰዓት ላይ ሻይ ልሰጠው በሩን ስከፍት...» መጨረስ አቃታት።

አብራሪው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ክንፉ ለምን እንደተሰበረ አውቆ ደበቀኝ! ‹እስከ ነገ ታገሠኝ፣ አስቀድሜ የማናግረው ሰው አለ› አለኝ። ሰው በእኔ ምክንያት ታወረ እየተባለ እንዴት ልታገሥ? ጮህኩበት።»

«አውቶቡስ የተሳፈርከው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ባለሱቁ አይቶሃል። ግማሽ ሰዓት ፌርማታ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቀው እያልኩ... ኩራቴ ያዘኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄድኩ።»

«ጥሩ ምስክር የለህም።»

«እውነት ነው ያለኝ።»

«እሱማ ብቻውን አያስፈታም» አለችው፣ በእሱ ሳይሆን በዓለም ተናድዳ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ በበኩሉ ሆዱን አስቀድሞ መጣ። «ቢሮዬ ብቻዬን ነበርኩ። እኔ፣ ወይዘሮ፣ ስብሰባ እመራለሁ እንጂ ብሩሽ ጨብጬ አላውቅም። ልጁ ግን ችኩል ነው። ክንፉ እንደሆነ ባለፈው ዓመት ተጎድቶ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቀቢው፣ እንደ አዲስ አድርጎት ነበር። እጁ ወርቅ ነው!»

ቀቢው ሁለት መንገድ አልፎ የመኪና ቀለም ቤት አለው። እያለቀሰ ተቀበላት። «ወንድሜን ያየሁት እሑድ ነው። ዛሬ ከሥራ ቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።»

«ያየዎት አለ?»

«ቀለም ሲረጭ ማን ይጠጋል?»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ መስኮቱን ከፍታ፣ ልጅቱን ከደጅ አስቀምጣ። ከመጀመሯ በፊት ጣውላ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ቀይ መስመር ረጨችበት። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ሆን ብላ ቀስ እያለች። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። ሰብሳቢው ያዛጋል። አብራሪው ወለሉን ያያል፣ ልጅቱም አብራሪውን ታያለች።

«ወጌሻው ቀለም ሲጨርስ ምን ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ወዲያው መርጫውን ያጥባል፤ ካልታጠበ ይደፈናል። ቀለሙ እስኪጠነክር ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል። ፕላስተሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ከተነሳ ቀለሙ ይፈስሳል፤ ከቆየ አብሮ ይላጣል። ትናንት መርጫው አልታጠበም። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ዱብ ሲል የወደቀው እሱ ራሱ ነው። ፕላስተሩ ግን በሰዓቱ ተነስቷል። የወደቀ ሰው ፕላስተር አያነሳም።»

አዛዡ ማዛጋቱን ያቆመውን ሰብሳቢ አየ።

«አብራሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ነበር። ፕላስተሩን ያነሳው ሰው ግን እዚህ ሃያ ደቂቃ ቆይቷል። መስኮቱን ዘጋ፤ ማራገቢያውን አጠፋ፤ ሽታ ገደለው እንዲባል። ወረቀት ሁሉ አገላብጦ አንድ ጽሑፍ ፈለገ፤ አላገኘውም። መርጫውን አላጠበም፤ ኮምፕሬሰሩን ቢያስነሳው ይሰማበታላ! ይህ ሰው...»

«ኧረ ሊላጥ ነው!» አለ ቀቢው በድንገት። ዓይኑ ከጣውላው ላይ ተነቅሎ አያውቅም ነበር። «አሁን ይነሳ እንጂ፣ ጉድ እኮ ነው!»

«ያንሱት።»

እጁ ቀደመው። የቀለሙን ዳር በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፎ ሳበው፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ጠቅልሎ ጠጠር ያለ ኳስ አደረገው። መርማሪዋ ከቅርጫቱ ያወጣችውን ከጎኑ አስቀመጠች። መንትያ ነበሩ።

ቀቢው እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም» አለችው። «ያማረ ሥራ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ኳሱ ሲፈታ ማጣበቂያው ላይ የጣትዎ አሻራ ይገኛል። ይፈልጉት የነበረው ጽሑፍም ይኸው ክንፉ ውስጥ ነው፦ ‹ያለፈው ጥገና፤ የውስጥ ዘንጉ አልተጋጠመም፤ ስብራቱ በስቱኮ ተደፍኗል።› ዓይን ያጠፋው ዘንጉን በመግጠም ፈንታ የደፈኑበት ስቱኮ ነው። ወጌሻው አስቀድሞ ሊያነጋግረው የፈለገው ሰውም ወንድሙ ነበር።»

«ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ነው የገባሁት፤ ለማኅበሩ እናገራለሁ አለኝ» አለ ቀቢው። «ቀለም ቤቴ ሊዘጋ፣ ስሜ ሊጠፋ! ለእናትህ ልጅ ስትል ዝም በል አልኩት። ‹የሰውየው ዓይንስ?› አለኝ። ገፋ አደረግሁት እንጂ፣ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

አዛዡ ለአብራሪው ያዘጋጀውን ሰንሰለት ወደ ቀቢው ለማዞር ተጣደፈ። መርማሪዋ በክንዷ አገደችው። ልጅቱ አስሟን ረስታ ገብታ ነበር።

«ሲወድቅ ወዲያው ነው የሞተው?» ብላ አጎቷን ጠየቀችው።

«ወዲያው ነው፣ ልጄ፤ ምንም ማድረግ...»

መርማሪዋ የሐኪሙን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ልታነበው አልፈለገችም፤ ግን ውሸት ይህችን ቤት ከዚህ በላይ እንዲጠግን አልፈቀደችለትም። «ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል» አለች።

ቀቢው ቀና አለ። «የሞተ መስሎኝ ነበር! በወንድሜ እምላለሁ፣ የሞተ መስሎኝ ነበር!»

ልጅቱ በጣውላው ላይ የቀረችውን ትንሽ የጣት ምልክት ለረጅም ጊዜ አየች።

«ቀለሙን ነክተህ አየኸው» አለችው። «አባዬን ግን አልነካኸውም።»