ባዶው የብልሽት መዝገብ

ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሀብተወልድ የሞቱት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኦክስጅን ጭምብሉ ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው። ልጃቸው ጌታነህ «አባቴን ገደላችሁት!» እያለ የሆስፒታሉን ኮሪደር በጩኸት ሞላውና ፖሊስ ጠራ። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ለተማርያም እሱን ለማጽናናት ሞከረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሞት አይታለች። በዛሬው ግን ጥፋተኛ እንደሆነች ተሰማት፤ ምን አጥፍታ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ኢንስፔክተር ዕፀገነት ከሐረሩ የፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ መጣች። ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ ላያት ሰው ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች የምትመስል አጭር ሴት ናት። አስከሬኑን አይታ ስታበቃ አልጋው አጠገብ ወደቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ዞረች።

«ጌጁ ግማሽ ይላል» አለች የአየር መለኪያውን እያየች።

«እንግዲያው ግማሽ አለው» አለች ለተማርያም።

ኢንስፔክተሯ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ምንም አልወጣም። «ባዶ ነው፤ ጌጁ ይዋሻል» አለችና ጎንበስ ብላ የሲሊንደሩን አንገት አየች። ዙሪያውን አቧራ ያልነካው ቀጭን መስመር አለ። ከቁልፉ ሥር በመቀስ የተቆረጠች የፋሻ ክር ተጣብቃለች። ክሯን በመሃረቧ ጠቀለለቻት።

ተረኛዋ ነርስ ልደት ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማሽኑ ቆመ። ሮጬ ከመጋዘን ሲሊንደር አመጣሁ፤ አየሩ ሲወጣም አይቻለሁ። ከዚያ አልጋ ቁጥር ስድስት ላይ ያለችውን ደም አስመለሳት ብለው ጠሩኝ። ስመለስ ጋሼ...»

«መጋዘኑ ውስጥ ስንት ነበር?»

«ሦስት።»

«ለምን ይህን መረጥሽ?»

ልደት መሬት መሬቱን አየች። «ምንም አልነበረበትም» አለች በቀስታ።

«ምን ሊኖርበት ነበር?»

«ተናገሪ እንጂ! ልትታሰሪ እኮ ነው!» ብላ ለተማርያም ስትጮህባት ልጅቷ ጭራሽ አፏን ዘጋች።

ሲሊንደር የሚያስሞላው ሰዒድም ከዚህ የተሻለ አልተናገረም። «ወላሂ ጌጁ መበላሸቱን በጽሑፍ የነገረኝ የለም።»

«በሌላ መንገድስ?»

ሰዒድ ጢሙን አሻሽቶ ለተማርያምን በጎን አየት አደረጋት።

ኢንስፔክተሯ የብልሽት መዝገቡን ጠየቀች። ለተማርያም ሁልጊዜ የምትኮራበት መዝገብ ነው፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ መስመር አልተጻፈበትም።

«ሐረር ውስጥ ዕቃ የማይበላሽበት ቤት ይኸ ብቻ መሆን አለበት» አለች ዕፀገነት። «መጨረሻ የጻፈው ማነው?»

«ሲስተር ዘይነባ። የደም ግፊት መለኪያ ተሰበረ ብላ።»

«ከዚያስ?»

«የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኋት። ሌሎቹም እንዲጠነቀቁ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።» ስትናገረው የገዛ ድምፅዋ አስጠላት።

«ተጠንቅቀዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወዲያው ለተማርያምን፣ ልደትን፣ ዘይነባንና ሰዒድን በነርሶች ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከኮሪደሩ የቆሻሻ ቅርጫት ያወጣቻቸውን ሁለት የተቆረጡ ፋሻዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ብልሽት የጻፈ ሰው ስለሚቀጣ የራሳችሁን መዝገብ አበጃችሁ» አለች። «ጌጁ የሚዋሽ ሲሊንደር አንገቱ ላይ ፋሻ ይታሰርበታል። ልደት ፋሻ የሌለበትን ፈልጋ ነው ያነሳችው፤ ምንም አልነበረበትም ያለችኝም ለዚህ ነው። ፋሻውን ማን ቆረጠው? ለክፋት አልተደረገም፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። የቆረጠው ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ሰው ሲቀር።»

ለተማርያም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፋሻዎች አወቀቻቸው። ዛሬ ማለዳ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ብላ መቀስ ይዛ መጋዘኑን ብቻዋን ስታጸዳ፣ ሁለት እራፊ ጨርቅ ቆርጣ ጥላለች። ማንም አላያትም። አላውቅም ብትል ማን ያስተባብላታል?

«የሚያሳስበኝ ሌላ ነው» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «ፋሻው ሁለት ነው። መጋዘን የቀረውን ሲሊንደር ከፈትኩት፤ ሙሉ ነው። ሦስተኛው የለም። ማን ወሰደው?»

ሁሉም አቀረቀሩ። ሰው ሞቶ እንኳ እሷ ፊት ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። ለተማርያም ያን ጊዜ አፈረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች። «ሁለቱንም። ልደት ምንም አላጠፋችም፤ ጋሽ ሀብተወልድ የሞቱት በእኔ እጅ ነው። ማንንም አልቀጣም። ስለ ማርያም፣ ሦስተኛው የት ነው?»

ዘይነባ ብድግ አለች። «ማዋለጃ ክፍል! ሳልፈርም ወሰድኩት... ያ አላህ!»

ሰዒድ በሩን በርግዶ ሮጠ። ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ባዶ ነው። ምጥ ላይ ላለችው ሊገጥሙላት ሲሉ ደረስኩ። አልሃምዱሊላህ።»

ኢንስፔክተሯ የለተማርያምን ቃል ተቀብላ አስፈረመቻት። ሊወጡ ሲሉ ልደት ለተማርያምን በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ሲስተር፣ አስቀድሜ ብነግርዎት ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

ለተማርያም ቀና ብላ አየቻት።

«አላምንሽም ነበር» አለቻት።

«እሱንማ እናውቃለን» አለች ልደት።