ለሙሉነሽ እጅ የተለካው አላርም

እኔ የሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ጋቢዬን ሰብስቤ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ቢቸና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልሃል። ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ የዓባይን በረሃ በጭጋግም በዝናብም ወርጄ ወጥቻለሁ፣ ሾፌሮቹ ድልድዩ አጠገብ ነጭ የለበሰች ሴት አስቆመችን ሲሉኝ «እንቅልፋችሁ ናት፣ አሳፍራችሁ ሂዱ» እያልኩ ስስቅ ኖሬያለሁ። ትምህርቴም ከፊደል ብዙ አላለፈም፣ አሳምሬ ልዋሽህ ብል እንኳ አልችልበትም፤ የሆነውን እንደሆነ ነው የምነግርህ፣ የሆነውም በጠራራ ፀሐይ ነው።

ካረጀሁ በኋላ የቀረችኝ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢቸና ሞጣ የምመላለስባት። ከፊት፣ ከጎኔ፣ ባለቤቴ ሙሉነሽ ትቀመጣለች፤ ሞጣ ታናሽ እህቷ ይታይሽ ስላለች ቅዳሜን ለሌላ ጉዳይ አትሰጥም ነበር። አንድ ሰሞን ከቆመ መኪና ባትሪና ቴፕ እየተሰረቀ ሲያስቸግር፣ እጅጉ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሻን አላርም ሊገጥምልኝ ግቢዬ ድረስ መጣ። ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ለጠፈ፣ ሴንሰር ናቸው አለኝ፣ መኪናው ተቆልፎ ሳለ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ያያሉ፣ ነገሩ ትንሽ ከሆነ አንዴ «ጭው» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ትልቅ ከሆነ ሰፈሩን ያስነሳዋል። ትንሹ ምን ያህል፣ ትልቁ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው በአንዲት ደቃቅ ብሎን ነው፣ እሷን በካቻቢቴ ጫፍ ዞር ዞር ማድረግ ነው ሥራው።

ታዲያ ሲለካ መኪናው ባዶ መሆን አለበት። ሙሉነሽ ግን ከወንበሬ አልወርድም አለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ለአንድ አፍታ ይውረዱልኝ» ይላታል እጅጉ።

«ለምን ብዬ? ይልቅ ይልመደኝ እንጂ! ነገ በገዛ ወንበሬ ሌባ ብሎ ሊጮህብኝ?»

«እርስዎ ተቀምጠው ከለካሁት እኮ በእርስዎ ልክ ነው የሚሆነው።»

«ከኔ የተሻለ ልክ ከየት ልታመጣ ነው?»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እጅጉም ተሸነፈ። ብሎኗን ይነካል፣ ወጥቶ ይቆልፍባታል፣ እሷ ደግሞ መንገድ ስንነሳ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቀስ ብላ ታማትባለች፣ ሰፈሩ በጩኸት ይናወጣል። ደግሞ ይነካል፣ ደግሞ ታማትባለች። ስድስቴ ይሁን ሰባቴ ካማተበች በኋላ፣ እጇ ከግንባሯ ወደ ደረቷ ሲወርድ፣ መኪናዋ በቀጭኑ «ጭው» አለች፣ አንዴ ብቻ። ሙሉነሽ ከመስታወቱ ወዲያ ሳቀች፣ «ሰላም አለችኝ! በቃ፣ እንዳትነካት» አለች። እጅጉም አልነካትም። ይህን ያዝልኝ።

በዓመቱ ሙሉነሽ ታመመች። አንድ ሐሙስ «ሞጣ ውሰደኝ፣ ይታይሽን ልያት» አለችኝ፣ እኔ መንገዱ ያንገላታታል ብዬ «ትንሽ በርቺልኝና ቅዳሜ እወስድሻለሁ» አልኳት። ዓርብ ማታ አረፈች። ይታይሽ ለቅሶ መጥታ ለምን አላመጣሃትም ብላ አልጠየቀችኝም፣ እመነኝ፣ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን ሞተሯን ለማሞቅ ካልሆነ አልነካኋትም። ተዝካሯን ባወጣን ማግስት፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ «ጭው» አለች። ዝንብ ገብታ ይሆናል አልኩ። ሐሙስም በዚያው ሰዓት «ጭው»። ዓርብ እጅጉን አስጠራሁት።

መስታወቱ ዝግ ነው፣ ዝንብ የለም፣ አይጥ የለም፣ የተንጠለጠለ ነገር የለም። እጅጉ ገብቶ ተቀመጠ፣ ቆለፍኩበት፣ አማተበ፣ መኪናዋ ሰፈሩን በጩኸት አደበላለቀችው። እኔም ገባሁ፣ ቀስ ብዬም ፈጠን ብዬም አማተብኩ፣ ወይ ጭራሽ ዝም ትላለች ወይ ትጮሃለች፤ ያቺን ቀጭኗን «ጭው» ሁለታችንም ማውጣት አቃተን።

«ጋሼ፣ ብሎኗ ያኔ ከተውኳት ቦታ ንቅንቅ አላለችም» አለ እጅጉ ላቡን እየጠረገ። «ዓይኗን ልዝጋላትና እርስዎም ይረፉ?»

መኪናዋ ተቆልፋ ሁለታችንም ውጭ ቆመናል፣ ካቻቢቴው በእጁ ነው። አዎ ልለው አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብዬ «ነገ ቅዳሜ ነው፣ እወስድሻለሁ» አልኩ።

«ጭው» አለች።

እጅጉ ካቻቢቴውን ጥሎ ወጣ፣ እስከ ዛሬም ሊወስደው አልመጣም፣ መስኮቴ ላይ አለልህ።

ቅዳሜ ማንንም አላሳፈርኩም። ደብረ ወርቅ ስደርስ እሷ ቤተ ክርስቲያኑን የምትሳለምበት ቦታ ላይ ቆም አልኩ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ፣ ጉንደ ወይንን አልፌ በቀትር ሞጣ ገባሁ። ይታይሽ ደጅ ላይ ነበረች። ዞሬ የሙሉነሽን በር ከፈትኩ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት እስክትወርድ ያህል ያዝ አድርጌ ቆየሁና ዘጋሁት። ይታይሽ ከበሩ ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዝም አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ቃሌን ሞልቻለሁ፤ ቤቱ ግን ከቀብሯ ቀን ይልቅ ያን ማታ ጨለመብኝ። አንዳንዴ በሯን ቆልፌ ወንበሯ ላይ ቁጭ እልና አማትባለሁ፣ ሌባ ብላ ትጮህብኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንደ ድሮው ሞጣ መመላለሴን አልተውኩም፤ ባለፈው ቅዳሜ ይታይሽ ምሳ አቅርባልኝ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ከኛ ከወጡ በኋላ መኪናዎን እዚህ ሰፈር ያቆማሉ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ በቀጥታ ቢቸና ነው የምገባው።»

«እንግዲያ ደጄ ላይ መኪና ሳይኖር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "ጭው" የሚለው ምንድን ነው?»

ልነሳ ስል ዞሬ የሙሉነሽን በር ከፈትኩ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ወጥታ እስክትቀመጥ ያህል ያዝ አድርጌ ቆየሁ፣ ዘጋሁት፣ ጉድጓዱንም እየዞርኩ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በረንዳ ላይ ነኝ። እስካሁን ዝም ናት።