ሦስት ከረጢት ቆሻሻ

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ከምሳ መልስ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ግንባራቸው ያረፈው አንድ ወፍራም የዶክትሬት ጥናት ላይ ነበር። በቀኝ እጃቸው በኩል በግማሽ የተጠጣ ሻይ፣ ከሻዩ አጠገብ ደግሞ ክዳኑ የተነቀለ እስክሪብቶ ነበር። ሐኪሙ ከኩባያው ሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በማንኪያ ጫፍ አንስቶ አየና የሟቹን የልብ ክኒን ከመሳቢያው አውጥቶ ቆጠረ። ከሦስቱ ባለ አሥር ክኒን ማሸጊያዎች አንዱ የለም። አሥር ክኒን ተፈጭቶ ሻይ ውስጥ ከገባ ለጤነኛ ሰው እንኳ አይበጅም፤ ለእሳቸው ልብማ ምኑ ይወራል።

መርማሪዋ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነው የሚሉ አሉ፤ ፊቷ ተቀምጦ የዋሸ ሰው ሳይወጋ ስለማይነሳ ነው የሚሉት ግን ይበዛሉ።

አዛዡ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ነገራት። ሻዩን ያፈላችውም ያቀረበችውም የዶክትሬት ተማሪዋ ናት። ሟቹ ጥናቷን አልፈርምም ብለው ሁለት ዓመት እንዳመላለሷትም ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች መርፌ። «እስከዚያ ድረስ ተውልኝ።»

የትምህርት ክፍሉ የሚያስተምረው ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ ዓለም ማኅበረሰብ ነው፤ ሰው ምድርን አሟጦ ሳይጨርሳት እንዴት ይኑር፣ ሸክሙንስ ማን ይሸከም የሚለውን። ትምህርቱ ከመማሪያ ክፍል አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል። የወረቀት ኩባያ ክልክል ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለወረቀት፣ ለፕላስቲክ፣ ለብረታ ብረት እና ለሌላው ሁሉ አራት ቅርጫቶች ተደርድረዋል። ከበላያቸው ባለ ሃያ ገጽ የአጣጣል መመሪያ በክር ተንጠልጥሏል። መርፌ ቆማ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ተነፈሰ።

በምሳ ሰዓት ፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መርፌ ከተማሪዋ ጀመረች። ልጅቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። የከተማውን የቆሻሻ መጣያና እዚያ እየለቀሙ የሚያድሩትን ሰዎች ነው ያጠናችው፤ ሁለት ዓመት አብራቸው ውላለች። እናቷ ልብስ እየሰፉ እዚህ አድርሰዋታል። ዛሬ ከታሰረች ለእናቷ ማን እንደሚነግራቸው ብቻ ደጋግማ ጠየቀች።

«ሻዩን ስታፈዪ ማን ነበር?» አለቻት መርፌ።

«ብቻዬን ነበርኩ። ቀድቼ ስኳር ስጨምር ረዳት መምህሩ በር ላይ መጡና ማተሚያው ላይ ወረቀት ቀርቶብኛል፣ አምጪልኝ አሉኝ። ሄድኩ፤ ምንም የለም። ስመለስ እሳቸውም ሄደዋል። ሻዩን ወስጄ ለፕሮፌሰሩ ሰጠኋቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ሳቁ።» እንባዋ መጣ። «ከምሳ በኋላ ነይ፣ የምሰጥሽ ነገር አለ አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሲስቁልኝ የመጀመሪያቸው ነው።»

ሁለተኛዋ ፀሐፊዋ ናት። ፕሮፌሰሩ ወደ መዝገብ ቤት ሊያዛውሯት ነበር፤ መቀየሟንም አልደበቀችም። ከጠረጴዛዋ ሥር ባለው አንድ ቅርጫት ውስጥ የሙዝ ልጣጭ፣ ደብዳቤና የላስቲክ ጠርሙስ ተቃቅፈው ተኝተዋል።

«አራት ቅርጫት ፍለጋ ስዞር አልውልም፣ እህቴ» አለች። «ግራም በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ከሶኛል።»

ግራም ረዳት መምህሩ ነው። የሰውን ቆሻሻ ሳይቀር ስለሚመዝን ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው። መርፌ ዛሬ ለፕሮፌሰሩ ያተመችላቸው ነገር እንዳለ ጠየቀቻት። ፀሐፊዋ አሰብ አደረገችና አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የልጅቷን ጥናት የማጽደቂያ ገጽ አትማ እንደሰጠቻቸው ተናገረች። እንደ ልማዳቸው ስህተት ሊፈልጉበት መስሏት ነበር።

መርፌ ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሳ ጠረጴዛውን፣ መሳቢያውን፣ ወለሉን ፈተሸች፤ ሟቹ የተደፉበትን የልጅቷን ጥናትም ገለጥ ገለጥ አድርጋ አነበበች። ማጽደቂያ የሚባል ገጽ የለም። የተከፈተው እስክሪብቶ ግን እዚያው ነው። በብርጭቆ ውስጥ የቆሙት ሌሎቹ እስክሪብቶዎች ሁሉ ክዳናቸው ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል። ሰውየው የመጨረሻውን እስክሪብቶ ሳይከድኑ የተዉት ጽፈው ሳይጨርሱ ነው፣ ወይም ጨርሰው ለመክደን አቅም አጥተው ነው።

ረዳት መምህሩ በትሕትና ተቀበላት። መደርደሪያው ላይ የራሱ መጽሐፍ በአራት ቋንቋ ተሰልፏል። የሚያስረዳውም አሥራ አንድ ዓመት የደከመበትን የቆሻሻ አለያየት ሥርዓት ነው፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መጥተው ጎብኝተውታል። ምሳውን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ እንደበላ፣ ወደ ሻይ ማፍያው ክፍል እንዳልደረሰ፣ ልጅቷንም እንዳላያት ነገራት። ራሱን እያመመው ስለነበር ከኪሱ የራስ ምታት ክኒን አወጣ። የመጨረሻዋን ክኒን ዋጠና ዓይኑን ከመርፌ ሳይነቅል ብርማውን ሽፋን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከላስቲኩ ላይ ላጠው። ሽፋኑን በግራ፣ ላስቲኩን በቀኝ አስቀመጠ።

«ቅርጫቱ ውስጥ የገባው ነገር ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» አለችው።

«ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ያነሳዋል። ሳይመሽ ወረቀቱ በውሃ ይቦካል፣ ብረቱ ይቀልጣል። መጽሐፌ ላይ ሰፍሯል።»

«ወርደው አይተው ያውቃሉ?»

«ሥርዓቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አለ። መርፌ አመሰገነችው፤ የጠየቀችውን ግን አልመለሰላትም።

የጽዳት ሠራተኛዋን ደረጃ ሥር አገኘቻቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው።

«መኪና?» አሉ። «ልጄ፣ መኪናው ከመጣ ስምንት ወሩ።»

«ታዲያ ለማን ተናገሩ?»

«ማን ጠይቆኝ? ያቺ ልጅ ብቻ ናት ጠይቃኝ የጻፈችው።»

ምድር ቤት ይዘዋት ወረዱ። እስከ ጣሪያው የተከመረ ከረጢት ነው። እያንዳንዱ ላይ የፎቁና የቀኑ ቁጥር ተለጥፏል፤ ይህም የግራም ደንብ ነው። የዛሬውን ለማግኘት መርፌ ብዙ አልደከመችም። የወረቀቱን፣ የፕላስቲኩንና የብረቱን ሦስት ከረጢቶች ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ተንበርክካ ስትለቅም አሮጊቷ መብራት ያዙላት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ፖስታ ይዛ ወጣችና ሁሉም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረገች።

ተማሪዋ በር አጠገብ ተቀመጠች። አዛዡ ከኋላዋ ቆመ። ፀሐፊዋና ረዳት መምህሩ ፊት ለፊት ሆኑ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ቁጭ በሉ ቢባሉም እሺ አላሉም።

«ገዳዩ ሁለት ነገር ማጥፋት ነበረበት» ብላ ጀመረች መርፌ። «አንደኛው የክኒኑ ማሸጊያ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱ ከቶት ይወጣ ነበር። ይኸው፣ ባዶው ላስቲክ ከፕላስቲኩ ከረጢት ተገኘ፤ ብርማው ሽፋን ደግሞ እንዳለ ተልጦ ከብረቱ ከረጢት። መመሪያው ገጽ ዘጠኝ ላይ እንዲህ አድርጉ ይላል። ማን ያደርገዋል? ፀሐፊዋ የሙዝ ልጣጭ እንኳ አትለይም።»

«እውነቷን ነው» አለች ፀሐፊዋ።

«ተማሪዋ ደግሞ ይህን ሽፋን ማንም እንደማይገዛው፣ መጣያው ላይ ከሌላው ጋር እንደሚቃጠል በጥናቷ ምዕራፍ አራት ጽፋለች። ከንቱ መሆኑን ያወቀ ሰው አይልጥም። እርስዎ ግን፣ ረዳት መምህር፣ ዛሬ እኔ ፊት ላጡ፤ እጅዎ መሥራቱን አላወቁትም።»

ረዳት መምህሩ መመሪያውን ያነበበ ሁሉ ሊያደርገው እንደሚችል በረጋ ድምፅ ተናገረ። ልጅቷም አንብባዋለች።

«ልክ ነው፤ እርስዎን ለመወንጀል ብላ ልጣው ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ነገር ያስፈለገኝ።» ከሦስተኛው ፖስታ፣ ከወረቀቱ ከረጢት በለቀመችው ብጥስጣሽ የተገጣጠመና ስስ መስታወት ላይ የተለጠፈ ገጽ አወጣች። «ፕሮፌሰሩ ሻዩን እየጠጡ ይህን ፈረሙ። እስክሪብቶውን ለመክደን ግን አልደረሱም። ፊርማውን አግኝቶ የሚቀድደው ማን ነው? ሁለት ዓመት የለመነችው ልጅ ናት? ጥናቷ ከጸደቀ ቅርጫቶቹ አራት፣ መጣያው ግን አንድ መሆኑ ይታወቃል። ያኔ የሚወድቀው የእርስዎ መጽሐፍ ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ሊፈርሙ መሆኑን ጠዋት ነገሩዎት፣ አይደለም? የክኒኑን መሳቢያ ያውቁታል። ልጅቷን ወደ ማተሚያው ላኳት፣ የፈጩትን ክኒን ጨመሩ፣ እሳቸው ከተደፉ በኋላ ደግሞ ገብተው ገጹን ወሰዱና ቀደዱት።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው።»

«ሽፋኑ ጀርባ ላይ ሙጫ አለ። ሙጫው ላይ የአውራ ጣት አሻራ ቀርቷል። የማን እንደሆነ ባለሙያው ይነግረናል፤ እርስዎ ግን አሁኑኑ ያውቁታል።»

ረዳት መምህሩ አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ሸሸገ።

«ቅርጫቱ ውስጥ የጣሉት በሞኝነት አይደለም» አለች መርፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንደ እርስዎ እምነት ከዚያ ቅርጫት የተሻለ መደበቂያ የለም፤ እስከ ምሽት ቦክቶና ቀልጦ ያልቃል። መጽሐፍዎ እውነት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ባዶ እጄን እመለስ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የእርስዎን ሥርዓት ውሸትነት ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ማንም አልነገረኝም» አለ ረዳት መምህሩ። የጽዳት ሠራተኛዋን ያያቸው ያን ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። «መኪናው... ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረው?»

«ከስምንት ወር ጀምሮ፣ ጌታዬ» አሉ ሴትዮዋ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። አዛዡ ከልጅቷ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ረዳት መምህሩን ይዞ ወጣ። መርፌ ወደ ተማሪዋ ቀርባ መስታወቱን ፊቷ አስቀመጠችው። ማስረጃ ስለሆነ ፍርድ እስኪያልቅ ልትሰጣት አትችልም፤ ማንበብ ግን አይከለከልም።

ከፊርማው በታች፣ በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ጽሕፈት፣ አንድ መስመር ተጨምሯል። ልጅቷ ብጥስጣሹን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው።

«ትክክል ነበርሽ፤ ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች።